ለየትኛው መርከብ፣ ለየትኛው ግዳጅ? የፎክላንድ ጦርነት የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች የንጽጽር መመሪያ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1982 የአርጀንቲና ጦር የፎክላንድ ደሴቶችን ሲይዝ፣ ደሴቶቹን የማስመለስ ግዳጅ የተሰጠው የብሪታንያ ባሕር ኃይል 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። በመንገዱ አጋማሽ ያለው የአሴንሽን ደሴት አውሮፕላን ማረፊያም ከጦር ሜዳው ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደሴቶቹ ላይ ደግሞ ከስታንሊ ከተማ ዙሪያ በቀር ይህ ነው የሚባል መንገድ አልነበረም። መሬቱ ረግረግና ድንጋይ፣ አየሩ ዝናብና ውሽንፍር ነው። ወታደሩን ከመርከብ ወደ ተራራ፣ ጥይቱን ወደ መድፍ፣ ቁስለኛውን ወደ ሐኪም የሚያደርሰው በአብዛኛው ሄሊኮፕተር ነበር።

ስለዚህ ጦርነት የሚያነቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት የትኛው ሄሊኮፕተር እንደሚበልጥ ነው። ጥያቄው በዚህ መልኩ ከቀረበ ብዙ አያራምድም። ይልቅ ራስዎን በዚያ የኤፕሪል መጀመሪያ ፖርትስማውዝ ወደብ ላይ ያስቡት። ቦታው ጠባብ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፤ የትኛውን ሄሊኮፕተር በየትኛው መርከብ ላይ እንደሚጭኑ የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ለዚያ ውሳኔ የተጻፈ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ የዚህን ጦርነት ፍጥነትና ዋጋ ከምንም በላይ የወሰነው የሸክም አቅም ነው። ምርጫ ሲቸግርዎ ከሚተኩሰው ይልቅ የሚሸከመውን ይጫኑ።

መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ

ሄሊኮፕተሩን ከማየትዎ በፊት መርከቡን ይመልከቱ። ዋስፕ ሙሉ ጭነቱን ይዞ 2.5 ቶን ገደማ ነው። ሊንክስ ከ4 ቶን በላይ፣ ዌሴክስ 6 ቶን ያህል፣ ሲ ኪንግ 9.5 ቶን፣ ቺኑክ ደግሞ ከ22 ቶን በላይ ይመዝናሉ። በፍሪጌት (በአነስተኛ የጦር መርከብ) ኋላ ባለች ጠባብ መድረክና ሃንጋር (የሄሊኮፕተር መጠለያ) ውስጥ መኖር የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሲ ኪንግ እንደ ኸርሚስና ኢንቪንሲብል ያለ አውሮፕላን ተሸካሚ፣ እንደ ፊርለስና ኢንትረፒድ ያለ ወታደር አራጋፊ መርከብ ወይም እንደ ኦልሜዳ ያለ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ ይፈልጋል።

ለባሕር የተሠሩት ሄሊኮፕተሮች ተሽከርካሪ ክንፋቸው ይታጠፋል፤ የቺኑክ ክንፍ አይታጠፍም። ቺኑክ የአየር ኃይሉ ንብረት ሆኖ ለየብስ የተሠራ ስለነበር፣ መርከብ ላይ ሲጫን ክንፎቹ ተፈትተው ጦርነቱ አጠገብ ሲደርስ እንደገና መገጠም ነበረባቸው። ይህች ዝርዝር ትንሽ ትመስላለች፤ ምን እንዳስከተለች ግን ወረድ ብለን እናያለን።

ለፍሪጌት፦ ዋስፕ ወይስ ሊንክስ?

ሁለቱም ትንሽ ናቸው፣ ሁለቱም ከትናንሽ መርከቦች ይነሳሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ትውልድ ልዩነት አለ። ዋስፕ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው። አንድ ሞተር አለው። አራቱ እግሮቹ ወደየአቅጣጫው የሚዞሩ ጎማዎች ስላሏቸው ሠራተኞች በጠባብ መድረክ ላይ እንደልብ ያዞሩታል። መሣሪያው ኤ ኤስ 12 የተባለ ሚሳኤል ነው። ሚሳኤሉ ቀጭን ሽቦ እየተረተረ ይበራል፤ ተኳሹ ዒላማውን በዓይኑ እያየ እስከ መጨረሻው ይመራዋል። ይህም ማለት ዒላማው መታየት አለበት፣ ሄሊኮፕተሩም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ድረስ መቅረብ አለበት ማለት ነው።

ሊንክስ ሁለት ሞተሮች፣ ሲ ስፕሬይ የተባለ ራዳርና የጠላትን የራዳር ጨረር የሚያዳምጥ መሣሪያ አለው። ሲ ስኩዋ የተባለው ሚሳኤሉ ባሕሩን ታክኮ እየበረረ፣ ከሄሊኮፕተሩ ራዳር ተልኮ ከዒላማው የሚመለሰውን ጨረር ይከተላል። ስለዚህ ሌሊትም ጭጋግም አያግደውም፤ የሚተኮስበትም ርቀት ከዋስፕ ሚሳኤል ከእጥፍ በላይ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የሊንክስ አስተራረፍ ነው። የደቡብ አትላንቲክ ማዕበል መርከቡን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው አብራሪው የመድረኩን እንቅስቃሴ ጠብቆ ቁልቁል ይቀመጣል። በዚያው ቅጽበት ከሆዱ ሥር የሚወጣ መንጠቆ መድረኩ ላይ የተገጠመውን የብረት ወንፊት ጨምድዶ ይይዛል። ተሽከርካሪ ክንፉም ግፊቱን ገልብጦ ወደ ላይ በማንሳት ፈንታ ወደ ታች ይጫናል። መርከቡ ቢያዘነብልም ሄሊኮፕተሩ አይንሸራተትም። እንዲህ ያለው ብልሃት ከማንኛውም ሚሳኤል እኩል የጦር መሣሪያ ነው፤ ማረፍ የማይችል ሄሊኮፕተር መነሳትም አይፈቀድለትምና።

በተግባር ሁለቱም ተፈትነዋል። በሜይ 2 እና 3 መካከል በነበረው ሌሊት ከኮቨንትሪና ከግላስጎው መርከቦች የተነሱ ሊንክሶች አልፌሬዝ ሶብራል በተባለችው የአርጀንቲና መርከብ ላይ ሲ ስኩዋ ተኮሱ። ሚሳኤሉ ወደ ጦርነት የገባው ሙከራው በወጉ ሳይጠናቀቅ ነው። የመርከቢቱ የአዛዥ ክፍል ፈራርሶ አዛዡን ጨምሮ 8 ሰዎች ሞቱ፤ መርከቢቱ ግን ተንገዳግዳ ወደብ ገባች። ዋስፕ በበኩሉ ኤፕሪል 25 ቀን በደቡብ ጆርጂያ ደሴት አጠገብ ሳንታ ፌ የተባለችውን የአርጀንቲና ሰርጓጅ መርከብ መታ። በዚያ ቀን ከኢንዱራንስና ከፕሊመዝ የተነሱ ዋስፖች የተኮሷቸው አንዳንዶቹ ሚሳኤሎች በሰርጓጇ ማማ ስስ ሽፋን በኩል ዘልቀው አልፈዋል። ቢሆንም ጉዳቱ ሰርጓጇ ዳግም እንዳትጠልቅ በማድረግ ረገድ የበኩሉን ድርሻ አበርክቷል።

ምርጫው ግልጽ ነው፤ መርከቡ ሊንክስ መያዝ ከቻለ ሊንክስ ይጫኑ። ዋስፕን የሚመርጡት መርከቡ አሮጌ ሆኖ ሌላ የማይቀበል ሲሆን ብቻ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ባዶ መድረክ ይዞ ከመሄድ እጅግ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊንክስ በሁለቱም ወገን ነበር። አርጀንቲና ከብሪታንያ ዘመናዊ አጥፊ መርከቦችን ስትገዛ ሊንክስም አብራ ገዝታ ነበር። አንደኛው በሜይ መጀመሪያ ሳንቲሲማ ትሪኒዳድ ከተባለው መርከብ ጋር ተጋጭቶ ጠፋ። ጦርነቱ እንደጀመረ ደግሞ መለዋወጫ ከሻጩ ማግኘት ዘበት ሆነ። የውጭ መሣሪያ የሚገዛ ባሕር ኃይል ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት መለዋወጫው ከማን እጅ እንደሚመጣ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ሰርጓጅ መርከብ ለማደን

እዚህ ላይ ውድድሩ በሲ ኪንግ 5 እና በዌሴክስ 3 መካከል ነው፤ ቁጥሩ የሄሊኮፕተሩን ሞዴል ያመለክታል። ሁለቱም ከባሕሩ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብለው በአየር ላይ እየቆሙ ሶናር (በድምፅ ሰርጓጅ የሚፈልግ መሣሪያ) በገመድ ወደ ውሃ ያወርዳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ያነሳሉ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳሉ። ሲ ኪንግ ሁለት ሞተሮች አሉት፤ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ቶርፒዶና የጥልቅ ውሃ ቦምብ ይይዛል። በኸርሚስ ላይ የነበረው 826ኛው እና በኢንቪንሲብል ላይ የነበረው 820ኛው ስኳድሮን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ መርከቦቹን የከበቡት በዚህ ሄሊኮፕተር ነው። ሳን ሉዊስ የተባለችው የአርጀንቲና ሰርጓጅ በአካባቢው እንዳለች ይታወቅ ስለነበር ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም። እነዚሁ ሲ ኪንጎች ኤክሶሴት ሚሳኤል ሲመጣ ወደ ራሳቸው ስበው ከመርከቡ እንዲያርቁትም ይመደቡ ነበር። የንግሥቲቱ ልጅ ልዑል አንድሩ ከበረሩባቸው ግዳጆች አንዱ ይኸው ነው። ሥራው አድካሚ ነው። በሜይ ወር ሁለት ሲ ኪንጎች ባሕር ውስጥ ገብተዋል፤ ደግነቱ ባልደረቦቻቸው ድነዋል።

በወረቀት ላይ ዌሴክስ 3 በሁሉም ነገር ይሸነፋል። አንድ ሞተር ያለው፣ ያረጀ፣ በአጥፊ መርከብ ላይ በጎን በኩል በር ባለው ጠባብ ሃንጋር ውስጥ የሚቀመጥና አውጥቶ ለበረራ ማብቃቱ ጊዜ የሚፈጅ ሄሊኮፕተር ነው። ይሁንና ከጦርነቱ ታላላቅ በረራዎች አንዱ የእሱ ነው።

ኤፕሪል 21 ቀን ሦስት ዌሴክሶች የኤስ ኤ ኤስ ልዩ ኃይል አባላትን በደቡብ ጆርጂያ ፎርቹና የበረዶ ግግር ላይ አወረዱ። ሌሊቱን ማዕበል ተነሳ። ሰዎቹ ድንኳናቸው ተቀዶ በብርድ ሊያልቁ ስለደረሱ በማግሥቱ እንዲወሰዱ ጠየቁ። ሁለቱ ሄሊኮፕተሮች የዌሴክስ 5 ዓይነት ነበሩ፤ ሁለት ሞተር ያላቸው፣ ጉልበታሞች፣ ግን ራዳር የሌላቸው። ሦስተኛው ከአንትሪም መርከብ የተነሳው፣ ሃምፍሪ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ዌሴክስ 3 ነበር። የመጀመሪያው ዌሴክስ 5 ሲነሳ በረዶው ሰማይና ምድሩን አንድ አድርጎበት አብራሪው አድማሱን አጣ፤ ወደቀ። ሰዎቹ ወደ ቀሪዎቹ ሁለቱ ተዛወሩ። ሁለተኛው ዌሴክስ 5 ሃምፍሪን ተከትሎ ሲበር እሱም ከበረዶው ጉብታ ጋር ተላትሞ ወደቀ። የሃምፍሪ አብራሪ ኢያን ስታንሊ የያዛቸውን ሰዎች መርከብ አድርሶ ተመለሰ። አየሩ ክፍተት እስኪሰጠው ታገሰና የቀሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጫነ፤ በዚያች አንድ ሞተር ባላት ሄሊኮፕተር ውስጥ 17 ሰዎች ነበሩ። በሁለቱ አደጋዎች አንድም ሰው አልሞተም። ከሦስት ቀን በኋላ ሳንታ ፌን በራዳሩ ያገኘውና በጥልቅ ውሃ ቦምብ ቀድሞ የመታትም ይኸው ሃምፍሪ ነው።

ከዚህ ለምርጫ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። በእንዲህ ያለ አየር ከተጨማሪ ሞተር ይልቅ ራዳርና ሄሊኮፕተሩን ሚዛኑን ጠብቆ የሚያቆም የበረራ መቆጣጠሪያ ሰው ያድናሉ። ለሰርጓጅ አደን ሲ ኪንግን ይምረጡ፤ ዌሴክስ 3 ካለዎት ግን በዕድሜው አይናቁት።

ሸክሙን ማን ይሸከም?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሲ ኪንግ 4፣ ዌሴክስ 5 እና ቺኑክ።

ዌሴክስ 5 እስከ 16 ወታደሮች ይይዛል። ለጥገና ቀላል ነው፣ ቁጥሩም ብዙ ነበር። ባለ ሽቦ ሚሳኤልም ይታጠቃል፤ ጁን 11 ቀን ማለዳ ስታንሊ ውስጥ የሚገኘውን የፖሊስ ጣቢያ ሕንፃ የመታው ዌሴክስ 5 ነበር። ጉድለቱ በሌሊትና በጭጋግ ዓይነ ስውር መሆኑ ነው፤ ፎርቹና ላይ አይተነዋል።

ሲ ኪንግ 4 ሶናሩን አውጥቶ ለኮማንዶ ማጓጓዣ የተሠራ ነው። እስከ 28 ወታደሮች ይጭናል፣ መድፍ በገመድ አንጠልጥሎ ይሄዳል። የ846ኛው ስኳድሮን አብራሪዎች በሌሊት ማያ መነጽር ይበሩ ስለነበር ልዩ ኃይሎችን በጨለማ ያወርዱ ነበር። በሜይ 14 ሌሊት ወደ ፔብል ደሴት ያደረሷቸው የኤስ ኤ ኤስ አባላት 11 የአርጀንቲና አውሮፕላኖችን መሬት ላይ አውድመዋል። በሜይ 21 የብሪታንያ ጦር ሳን ካርሎስ ላይ ከመርከብ ወደ የብስ ሲወርድ የራፒየር ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎችን ወደ ኮረብታዎቹ ያወጡት ሲ ኪንጎች ናቸው። ዋጋም ከፍሏል። ሜይ 19 ምሽት ከኸርሚስ ወደ ኢንትረፒድ ሰዎች ሲያሸጋግር የነበረ አንድ ሲ ኪንግ ባሕር ውስጥ ወድቆ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የኤስ ኤ ኤስ ባልደረቦች ነበሩ።

ቺኑክ ከሁለቱም ጋር አይወዳደርም፤ በሌላ ሚዛን ላይ ያለ ነው። የሚያነሳው ጭነት 10 ቶን ያህል ሲሆን ከሲ ኪንግ ሙሉ ክብደት ይበልጣል። አራት ቺኑኮች አትላንቲክ ኮንቬየር በተባለ የንግድ መርከብ ላይ ተጭነው መጡ። ክንፋቸው እየተገጠመ ሳለ ሜይ 25 ቀን መርከቡ በኤክሶሴት ሚሳኤል ተመታ። 12 ሰዎች ሞቱ። ሦስት ቺኑኮች፣ ስድስት ዌሴክስ 5 እና አንድ ሊንክስ ተቃጠሉ። ተገጣጥሞ በሙከራ በረራ ላይ የነበረው አንድ ቺኑክ ብቻ ተረፈ፤ ብራቮ ኖቬምበር ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው።

ይህ አንድ ሄሊኮፕተር ምን እንደሠራ ይመልከቱ። በሜይ 30 ሌሊት ሦስት መድፎችን ከነተኳሾቻቸው ወደ ኬንት ተራራ ወሰደ። ሁለቱን በሆዱ፣ አንዱን በገመድ ነበር የያዘው። ሲመለስ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ባሕሩን መትቶ እንደገና ተነሳ። ጁን 2 ቀን 81 አየር ወለድ ወታደሮችን ትከሻ ለትከሻ አቁሞ በአንድ በረራ ወደ ፊትዝሮይ አደረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ 1,500 ወታደሮች፣ 600 ቶን ጭነት፣ 95 ቁስለኞችና 650 ምርኮኞች አጓጉዟል።

ሦስቱ የተቃጠሉት ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። ስላልነበሩ 45ኛው ኮማንዶና 3ኛው የአየር ወለድ ሻለቃ ከባድ ጓዛቸውን ተሸክመው ረግረጉን በእግራቸው አቋረጡ። ሌሎች ደግሞ በመርከብ እንዲሄዱ ተደረገ። ጁን 8 ቀን ሰር ጋላሃድ የተባለችው መርከብ ፊትዝሮይ አጠገብ የዌልሽ ጋርድስ ወታደሮችን እንደጫነች በአርጀንቲና አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ 48 ሰዎች ሞቱባት። እነዚያ ወጣቶች መርከብ ላይ የነበሩበት አንዱ ምክንያት የሚያነሳቸው በቂ ሄሊኮፕተር ስላልነበረ ነው። ስለ ሸክም አቅም አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው፤ የቶን ሒሳብ የሚመስለው ነገር በመጨረሻ የሰው ሕይወት ሒሳብ ነው።

በዚያች ቀን የ825ኛው ስኳድሮን ሲ ኪንጎች ያደረጉት ሊዘነጋ አይገባም። ይህ ስኳድሮን ለጦርነቱ ሲባል በችኮላ የተቋቋመ ሲሆን፣ የያዛቸው የሰርጓጅ አደን ሲ ኪንጎች ሶናራቸው ተነቅሎ ለማጓጓዣ የተለወጡ ነበሩ። መርከቢቱ ስትነድና የያዘችው ጥይት ሲፈነዳ አብራሪዎቹ ጥቁሩ ጭስ ውስጥ ገብተው ሰዎችን በገመድ አነሱ። ነፋስ ወደሚነደው የመርከቢቱ ጎን የሚገፋቸውን የነፍስ አድን ጀልባዎች ሲያዩ ደግሞ ዝቅ ብለው በተሽከርካሪ ክንፋቸው ነፋስ እየገፉ አራቋቸው።

እኔ አንድ ዓይነት ብቻ ምረጥ ብባል ሲ ኪንግን እመርጣለሁ። ሶናሩ ሲነቀል ጫኝ፣ መነጽር ሲጨመርለት የሌሊት ሰርጎ ገቢ፣ ባሕር ላይ ሰው ሲወድቅ አዳኝ ይሆናል። ቺኑክ የሚሻለው የሚገጣጠምበት አስተማማኝ ቦታ ካገኘ ነው። ዌሴክስ 5 ደግሞ በቀንና በቅርብ ርቀት ሲ ኪንጎችን ከቀላል ጭነት ለማሳረፍ ይጠቅማል።

ስለ ጋዜልና ስካውት ብዙ አልልም፤ የባሕር ኮማንዶዎችና የምድር ጦሩ ቀላል ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ስካውት ከዋስፕ ጋር አንድ ምንጭ አለው፤ ልዩነቱ በጎማ ፈንታ በብረት መንሸራተቻ ላይ ማረፉ ነው። ለቅኝትና ለቁስለኛ ይበጃሉ፤ ከፊት ለፊት መላክ ግን አይገባም። ሜይ 21 ቀን ሁለት ጋዜሎች ሳን ካርሎስ አጠገብ በቀላል መሣሪያ ተመትተው ወድቀዋል፤ ሦስት ሰዎች ሞተዋል።

ሲጭኑ

ከባድ ጫኞችን በአንድ መርከብ ላይ አያከማቹ። አሥሩ ሄሊኮፕተሮች አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የጠፉት አንድ ላይ ስለተጫኑ ነው። ከ825ኛው ስኳድሮን ሲ ኪንጎች ስምንቱ በአትላንቲክ ኮዝዌይ፣ ሁለቱ በኪው ኢ 2 የመንገደኞች መርከብ መጓዛቸው ከዚህ የተሻለ አደላደል ነበር። በሃንጋር ውስጥ ያለ ሄሊኮፕተርም ደኅና ነው ብለው አይተማመኑ፤ ጁን 12 ቀን ከየብስ የተተኮሰ ኤክሶሴት ግላሞርጋን መርከብን ሲመታ በሃንጋሯ የነበረው ዌሴክስ አብሮ ተቃጥሏል።

መለዋወጫና መፍቻም እንዲሁ ይከፋፈሉ። ብራቮ ኖቬምበር ሲተርፍ መለዋወጫው፣ መሣሪያውና የጥገና መጻሕፍቱ ከመርከቡ ጋር ቀርተው ነበር። ጠጋኞቹ በእጃቸው በገባው ነገር ብቻ እስከ ጁን 14ቱ እጅ መስጠት ድረስ አበረሩት። ቺኑክ የሚመርጡ ከሆነ ሄሊኮፕተሩ በአንድ መርከብ፣ የመፍቻ ሳጥኑና አንድ ተጨማሪ የጥገና ቡድን በሌላ መርከብ ይሂዱ።